የአእምሮ ሐኪሞች ምን ይሠራሉ?

ማታ ማታ በምናስተምርበት ቤት ከንባቡ በኋላ ስለ ጤና እንጨዋወታለን። ስለ ወባ ወይም ስለ ሆድ ትላትል ሲነሣ የማይናገር ሰው የለም። አንዱ የልጁን፣ ሌላው የራሱን ይተርካል። ወሬው ወደ አእምሮ ሕመም ሲዞር ግን ቤቱ ጭጭ ይላል። ቆይቶ አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ እብደት መድኃኒት አለው እንዴ?» ይላል። ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ለወሬ ያህል አይደለም የሚጠይቀው። ቤቱ ጓዳ ውስጥ ሰው አለው።

መልሱ «አዎን፣ አለው» ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው መድኃኒቱ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚሰጠውና እውቀቱ ከየት እንደመጣ ለማስረዳት ነው። እውቀቱ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ብዙው የተገኘው ከገበሬዎች ደጃፍ ነው። እንዴት እንደሆነ ወደ ታች እናያለን።

በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ እንነጋገር። ሰው በአካሉ እንደሚታመም በአእምሮውም ይታመማል። አእምሮ የሚሠራው በአንጎል ነው። አንጎል ደግሞ እንደ ሆድና እንደ ሳንባ የሰውነት ክፍል ነው። ሆድ ሲታመም ያስቀምጣል፤ ሳንባ ሲታመም ያስላል፤ አንጎል ሲታመም ደግሞ የሰው ሐሳቡ፣ ስሜቱ፣ እንቅልፉና ጠባዩ ይለወጣል። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው። ሲያስል ያየነውን ሰው «ምነው፣ አመመህ?» እንለዋለን። ብቻውን ሲያወራ ያየነውን ግን «ለየለት» ብለን እንሥቃለን፤ ወይም ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩበት ዝም እንላለን።

ሐኪሞች ስኪዞፍሬኒያ የሚሉት ሕመም አለ። ስሙ የፈረንጅ ነው እንጂ ሕመሙ በየአገሩ አለ። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ዕድሜ፣ ሰው ጎጆ ሊወጣ ሲያስብ ነው። ሕመምተኛው ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል። ጎረቤቱ ሊመርዘው የሚያደባ ይመስለዋል። ንግግሩ ይቆራረጣል። ባይፖላር የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ሰውየው እንቅልፍ አያሻውም፤ አይደክመውም፤ ይለፈልፋል፤ በሬውን በግማሽ ዋጋ ሸጦ መንገደኛውን ሁሉ ይጋብዛል። በሌላ ጊዜ ደግሞ ኀዘን ይጫነውና ከመደቡ አይነሣም። በመካከሉ ደኅና ሆኖ የሚያርስበትና የሚያጭድበት ጊዜም አለ። ሦስተኛው ድባቴ ይባላል። ይህ ከሁሉም ይበልጥ ይደበቃል። ሰውየው አይጮኽም፤ ጨርቁን አይጥልም። እህል አይጥመውም፤ እንቅልፍ ያጣል፤ የሚወደውን ሥራ ይጠላል፤ «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ይመላለስበታል። ጎረቤት «ሰነፈ» ይለዋል። እሱም ራሱን «ሰነፍኩ» ይላል።

ታዲያ ከምን ይመጣል? አንድ ምክንያት ብቻ የለውም። በዘር የሚወርድ ድርሻ አለው። ጦርነት፣ ስደት፣ ችጋር፣ የሰው ሞት፣ መጠጥ የመሳሰሉት ያመጡታል ወይም ያባብሱታል። በመንካት ወይም አብሮ በመብላት አይተላለፍም። የእናት ወይም የአባት ኃጢአት ቅጣትም አይደለም። ሕመምተኛ ያላቸው ወላጆች ብዙዎቹ ይህን በሆዳቸው ይዘው ይኖራሉና ደግመን እንላለን፦ የእነሱ ጥፋት አይደለም።

አሁን ወደ ሐኪሞቹ እንምጣ። በአዲስ አበባ፣ መርካቶ አካባቢ፣ አማኑኤል የሚባል ሆስፒታል አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት በሀገሪቱ ሁሉ የአእምሮ ሕሙማን የሚታከሙበት ልዩ ሆስፒታል እሱ ብቻ ነበር። «አማኑኤል ገባ» ማለት እንደ ስድብ የተቆጠረውም ከዚህ የተነሣ ነው። ከሩቅ ጠቅላይ ግዛት ሕመምተኛውን በገመድ አስረው፣ በሬ ሸጠው፣ ብዙ ቀን ተጉዘው የሚመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። የወር መድኃኒት ተሰጥቷቸው ይመለሳሉ። ወሩ ሲያልቅ ለሁለተኛ ጊዜ የሚሸጥ በሬ የለም። መድኃኒቱ ይቋረጣል፤ ሕመሙም ይመለሳል። ያን ጊዜ ሰፈሩ «አየህ፣ የሐኪም ክኒን አይሆነውም» ይላል። ክኒኑ ሳይሆን መንገዱ ነበር ያልሆነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሥነ አእምሮ ሕክምና ትምህርት ክፍል አለ። ሥነ አእምሮ ማለት የአእምሮ ጠባይና ሕመም ጥናት ማለት ነው። የክፍሉ ሐኪሞች በአማኑኤል፣ በጥቁር አንበሳና በሌሎችም ሆስፒታሎች ሕሙማንን ያክማሉ፤ ተማሪዎችን ያስተምራሉ፤ ምርምርም ያደርጋሉ። ሦስቱ ሥራዎች የተለያዩ ይመስላሉ። ነገር ግን አንዱ ያለ ሌላው አይሄድም። ሳይማሩ ማከም አይቻልም፤ ሳይመራመሩም የሚያስተምሩት የሌላ አገር እውቀት ብቻ ይሆናል።

ስለ ማስተማሩ በቁጥር እንናገር። ሒሳብ ለተማረ ሰው ይህ ጥሩ መልመጃ ነው። በ1995 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የነበሩት የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። ሕዝቡ በዚያን ጊዜ 70 ሚሊዮን ያህል ነበር። 70 ሚሊዮንን ለ11 ብታካፍሉት ለአንድ ሐኪም ከ6 ሚሊዮን ሰው በላይ ይደርሰዋል። ከመቶው ሰው አንዱ ብቻ በከባድ የአእምሮ ሕመም ተያዘ ብለን እንቁጠር። ከ6 ሚሊዮኑ 60 ሺህ ሕመምተኛ ይሆናል። ሐኪሙ በቀን 50 ሰው ቢያይ፣ እሑድም በዓልም ባይል፣ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ ለመጨረስ 1,200 ቀን ይፈጅበታል። ይህ ከ3 ዓመት በላይ ነው። የአእምሮ ሕመምተኛ ደግሞ በየወሩ መታየት አለበት።

ለምን ጥቂት ሆኑ? ሐኪሙ ይህን ልዩ ሙያ ለመማር ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበትና ነው። ከሄዱትም የቀሩ አሉ። በዚያው በ1995 ዓ.ም. ክፍሉ ስፔሻሊስቶችን እዚሁ አገር ውስጥ ማስተማር ጀመረ። በካናዳ የሚገኘው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በየጊዜው ለወር ያህል እየመጡ ከኢትዮጵያውያን መምህራን ጋር አስተማሩ። ሐኪሙ ጠቅላላ ሕክምናን ከጨረሰ በኋላ 3 ዓመት ይህንኑ ይማራል። የሚማረውም እዚሁ ካሉ ሕሙማን፣ በራሳቸው ቋንቋ እየጠየቀ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ሆዴ ባባ»፣ «ልቤን ከፋው»፣ «ነፍሴ ተጨነቀች» የሚለውን ቃል ሌላ አገር ያለ መምህር እንዴት አድርጎ ያስተምረዋል? የአእምሮ ሐኪም እንደ ሌሎቹ ሐኪሞች ደምና ሽንት መርምሮ ብቻ በሽታውን አይለይም። ዋናው መሣሪያው ጆሮው ነው። ሕመምተኛውን ይሰማል፤ ከዚያ እናቱን ይሰማል፤ ሚስቱን ይሰማል። ተማሪው ሐኪም ከመምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ ሲጠይቅ መምህሩ ብዙ ጊዜ የሚያርመው አንድ ነገር ነው፦ አትቸኩል፣ ይጨርስ።

ከዚያ ወዲህ የሐኪሞቹ ቁጥር ጨምሯል። በጎንደርና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎችም የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ይሠለጥናሉ። ይሁን እንጂ ሕዝቡም ከ100 ሚሊዮን አልፏል። ስፔሻሊስቶቹም ቢሆኑ አብዛኞቹ ያሉት በከተማ ነው። ስለዚህ ስፔሻሊስት ብቻ በማብዛት ችግሩ እንደማይፈታ ክፍሉ ቀድሞ ተረድቷል። ይህን የተረዳው በቡታጅራ ነው።

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አካባቢው እንሰትና በርበሬ የሚበቅልበት የጉራጌ ምድር ነው። ዩኒቨርሲቲው ከ1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በዚያ አካባቢ ባሉ ቀበሌዎች ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደመጣና ማን እንደሄደ ይመዘግብ ነበር። እንዲህ ያለ መዝገብ ለምን ይጠቅማል? እረኛ ከብቱን ካልቆጠረ የጠፋውን አያውቅም። መዝገቡ ከተያዘ በኋላ የአእምሮ ሐኪሞች ወደዚያው ሄዱ። ከእነሱም አንዱ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ናቸው። በአካባቢው ስለ አእምሮ ጤና ያጠኑት ጥናት ለብዙዎች መነሻ ሆኗል።

በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር ደስ ይላል። ሽማግሌዎችንና የአካባቢውን አዋቂዎች ሰብስበው፣ «እናንተ አገር የአእምሮ ሕመምተኛ የምትሉት ምን ዓይነቱን ሰው ነው? ሲታመምስ ወዴት ትወስዱታላችሁ?» ብለው ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ አሳሳቢ ነበር። ሰዎቹ በቀላሉ የሚለዩት የሚለፈልፈውን፣ የሚቆጣውንና እንግዳ ጠባይ የሚያሳየውን ነበር። ዝም ያለው፣ ከሰው የራቀው፣ በኀዘን የተቆራመደው ግን እንደ ሕመምተኛ ብዙም አይታይም ነበር። ለአካል ሕመም ዘመናዊ ሕክምናን ይመርጣሉ፤ ለአእምሮ ሕመም ግን የባህሉን። እንግዲህ ፀጥ ያለው ሕመምተኛ በሁለት በኩል ተጎዳ ማለት ነው። ሰፈሩ አያየውም፤ ሐኪሙም ዘንድ አይደርስም።

ቀጥሎ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ትልቁ ቆጠራ ተጀመረ። ቤት ለቤት እየዞሩ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠየቁ። በጥያቄ ወረቀት ብቻም አልተወሰኑም፤ የአገሩን ሰው «በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ሰው አለ ወይ?» እያሉም ጠየቁ። ከወረቀቱ አምልጠው በሽማግሌ ጥቆማ የተገኙ ሕሙማን ነበሩ። በጓዳ ያለውን ሰው ጎረቤት ያውቀዋል፤ የዩኒቨርሲቲ ወረቀት ግን አያውቀውም። እኛ ፊደል የቆጠርን ሰዎች ይህን መርሳት አይገባንም።

ከተገኙት ሕሙማን አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና ዐይተው የማያውቁ ነበሩ። በዚያ ጊዜ ቡታጅራ ላይ ሕክምና ተጀመረላቸው፤ ከዚያም ሐኪሞቹ 919 ከባድ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት ተከታተሉ። በ10 ዓመት ውስጥ 121ዱ ሞቱ። ይህ ከሌላው የአካባቢው ሕዝብ ሞት ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ያህል ነው። አብዛኞቹም የሞቱት ገና በለጋ ዕድሜያቸው ነው።

በምን ሞቱ? እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ሰው «እብደት ገደለው» ይላል። ጥናቱ ግን ሌላ አገኘ። ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው፤ ማለትም ሌላውንም ሰው የሚይዘው፣ ጤና ጣቢያ ቢወሰድ የሚታከመው በሽታ። ሌላው ሰው ሲያተኩሰው ቤተሰብ በቃሬዛ ተሸክሞ ይወስደዋል። የአእምሮ ሕመምተኛው ሲያተኩሰው ግን «ያው እንደ ልማዱ ነው» ይባላል። ሲያስል የሚሰማው የለም። ሲከሳም ስለማይበላ ነው ይባላል እንጂ የሳንባ ነቀርሳ ይሆን ብሎ የሚጠረጥር የለም። በእኛ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ጥናት አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብንባል የምንይዘው ይህን ነው። የአእምሮ ሕመምተኛ ትኩሳትም ይይዘዋል፤ ሳልም ይይዘዋል፤ ረኃብም ይገድለዋል።

ከረኃቡ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ። በዚያው አካባቢ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ከባድ የአእምሮ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ከሌላው ቤት ይልቅ እህል ያጥረዋል። ለምን ቢባል፣ የሚያርሰው ሰው ታመመ፤ ሌላው ደግሞ እሱን ሲጠብቅ ዋለ። አንድ ጥማድ በሬ ሁለት ሠራተኛ አጣ ማለት ነው። መድኃኒቱ ደግሞ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል። ሕመምተኛው «ክኒኑን ስውጥ ይርበኛል፤ የምበላው የለኝም፤ ስለዚህ ተውኩት» ይላል። ይህን የሰማ ሐኪም «መድኃኒትህን ለምን አቋረጥህ?» ብሎ መቆጣቱን ያቆማል።

አሁን ስለ ሰንሰለት እንነጋገር። በየገጠሩ ሰው ከምሰሶ፣ ከግንድ ወይም ከእግር ብረት ጋር ታስሮ ወራትና ዓመታት ይኖራል። ይህን የሚያደርጉት ጨካኞች ናቸው የሚል ካለ ቤቱን አላየም። በሶዶ ወረዳ የተጠየቁ ቤተሰቦች የተናገሩት እንዲህ የሚመስል ነው፦ ብንፈታው ይጠፋል፤ ሰው ይመታል፤ ሰው ይመታዋል፤ ገደል ይገባል፤ ሕክምናው ሩቅ ነው፤ እኛም ደክመናል። እናት ልጇን ያሰረችው እንዳይጠፋባት ነው። ይሁን እንጂ ሰንሰለቱ ያቆስላል፤ እግር ያሰንፋል፤ ሕመሙንም ፈጽሞ አያድንም። ታዲያ ሰንሰለቱን የሚያስፈታው ምንድን ነው? ስብከት ብቻ አይደለም። በቅርብ የሚገኝ መድኃኒት ነው።

ክፍሉ በሶዶ የሞከረው ይህንኑ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር ሆኖ የወረዳውን ጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች አሠለጠነ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየሰፈሩ ያለውን ሕመምተኛ ለይተው እንዲልኩ ተማሩ። በሥራው መጀመሪያ ላይ ከሕሙማኑ ከአራቱ አንዱ ያህል በቤቱ ይታሰር ነበር። ሕክምናው በየጤና ጣቢያው ከተሰጠ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚታሰረው ከአሥሩ አንዱ ያህል ብቻ ሆነ። ፖሊስ አልመጣም፤ ቅጣትም አልተጣለም። ሕመምተኛው ስለተሻለው ተፈታ።

አንዳንድ ሰው ግን «ነርስ እንዲህ ያለውን ከባድ ሕመም ያክማል ወይ?» ብሎ ይጠራጠራል። መጠራጠሩ ተገቢ ነው። ሐኪሞቹም ተጠራጥረው ነበር፤ ስለዚህ ፈተኑት። ሕሙማኑን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ገሚሶቹ በአእምሮ ሕክምና በተለየ በሠለጠኑ ነርሶች ዘንድ፣ ገሚሶቹ በቅርብ ጤና ጣቢያ ባሉ አጭር ሥልጠና በወሰዱ ሠራተኞች ዘንድ ታከሙ። ከአንድ ዓመት በላይ ተከታተሏቸው። በጤና ጣቢያ የታከሙት ከሌሎቹ አላነሱም። ውጤቱ በ2014 ዓ.ም. ታትሟል። ዕጣው ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ ሁለት ዓይነት ዘር ለማወዳደር አንዱን በለም መሬት፣ ሌላውን በጭንጫ ላይ ብትዘሩ ፍርዱ ትክክል አይሆንም። ዕጣው መሬቱን እኩል ያደርገዋል።

ሌላም ሙከራ አለ። ከዚያው አካባቢ የተመለመሉ ሠራተኞች በየቤቱ እየሄዱ ሕመምተኛው እንደገና እንዲታጠብ፣ እንዲሠራ፣ ከሰው እንዲቀላቀል ከቤተሰቡ ጋር ሆነው ይረዱ ነበር። የአካባቢውንም ሰዎች ያነጋግሩ ነበር። ክኒን ብቻ ከወሰዱት ይልቅ ይህን ድጋፍ የጨመሩት የዕለት ተግባራቸውን በተሻለ ማከናወን ቻሉ። ዶማ መያዝ፣ ደቦ ላይ መጠራት፣ ለቅሶ ቤት ሄዶ መቀመጥ ከሕክምናው ውስጥ የሚገባ ነው ማለት ነው።

ክፍሉ በወንዱና በሚጮኸው ሕመምተኛ ላይ ብቻ አልቆመም። በቡታጅራ አካባቢ ከ1 ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮችን ተከታትለው ነበር። በእርግዝናዋ ጊዜ ጭንቀትና ኀዘን የበረታባት ሴት ምጧ ይረዝማል፤ ልጇንም ጡት ለማጥባት ትዘገያለች። «የእርጉዝ አመል ነው» እየተባለ የሚታለፈው ነገር ለሕፃኑም ይተርፋል።

የሚጥል በሽታም አለ። ይህ በትክክሉ የአንጎል በሽታ ነው፤ በገጠር ግን ብዙ ጊዜ የሚያክሙት የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ናቸው። አረፋው ይተላለፋል ተብሎ ስለሚፈራ፣ ሰው እሳት ላይ ሲወድቅ የሚያነሣው ያጣል። አረፋው አያስይዝም። ከእሳትና ከውኃ አርቁት፤ በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ ክብሪት ለኩሳችሁ አታሽቱት። በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አለው። ክኒኑን በድንገት ማቆም ግን ከፊቱ የባሰ ያንፈራግጣል።

ስለ ጠበል ደግሞ ሳንናገር አናልፍም፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያው ነው። ሐኪሞቹ ጠበል አትሂዱ አይሉም። እንዲያውም በእንጦጦ ጠበል አካባቢ የክፍሉ ሐኪሞች ከካህናትና ከአጥማቂዎች ጋር ተመካክረው ሕሙማኑ ጠበሉንም ክኒኑንም አንድ ላይ እንዲያገኙ ሠርተዋል። የሚከለክሉት ሕመምተኛውን መግረፍን፣ ማስራብንና ክኒን ማስጣልን ነው።

መድኃኒቱ እንዴት ነው የሚሠራው? አንጎል ውስጥ መልእክት የሚያመላልሱ ረቂቅ ንጥረ ነገሮች አሉ። በስኪዞፍሬኒያ ጊዜ አንዱ እንደ መስኖ ውኃ ከቦዩ አልፎ ይፈሳል እንበል። ክኒኑ ወይም በየወሩ የሚወጋው መርፌ ቦዩን ያጠብበዋል። ድምፁ ቀስ በቀስ፣ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። የድባቴም ክኒን ለመሥራት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል፤ «ሦስት ቀን ውጬ አልተሻለኝም» ብሎ መጣል አይገባም። ጉዳትም አለው፤ አንደብቅም። እጅ ሊያንቀጠቅጥ፣ ሰውነት ሊያደርቅ፣ ሊያስተኛ ይችላል። ይህ ሲሆን ለሐኪሙ መንገር ነው፤ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ይለውጣል።

አንድ ቅሬታም አለን። ነርሱ ሠልጥኖ፣ ሕመምተኛው በእግሩ መጥቶ፣ መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ዩኒቨርሲቲው የፈለገውን ያህል ቢመራመር፣ መደርደሪያው ባዶ ከሆነ ድካሙ ውኃ በላው። ስለዚህ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ጤና ጣቢያው ሲነሣ የወባ መድኃኒት መኖሩን እንደምትጠይቁ ሁሉ የአእምሮውንም ጠይቁ።

ቤታችሁ ሕመምተኛ ካለ መጀመሪያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አነጋግሩ። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ጠባዩን በቅርብ የሚያውቅ አንድ ሰው አብሮ ይሂድ። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ይተኛ እንደሆነ፣ ይበላ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ምን መድኃኒት እንደወሰደ ይጠየቃል። የድሮ ወረቀትና ባዶ የክኒን ማሸጊያ ካለ ይዛችሁ ሂዱ። «ልሞት ነው» ወይም «መኖር ሰለቸኝ» ያለ ሰው ካለ ብቻውን አትተዉት፤ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። በዚያው ቀን ውሰዱት፤ እስክትወስዱትም የአዝመራ መርዝ ያለበትን ቤት ቆልፉ።

ከጤና ጣቢያው ስትመለሱ ሁለት ነገር ይሰጣችኋል፤ የክኒን ከረጢትና የቀጠሮ ካርድ። ከረጢቱ ላይ «በቀን 1 ጊዜ፣ ማታ» ወይም «በቀን 2 ጊዜ» የሚል ይጻፋል። ካርዱ ላይ ደግሞ የምትመለሱበት ቀን አለ። አሁን ፊደል ቆጥራችኋልና የሚያነብላችሁ ሰው ፍለጋ አትሂዱ። እዚያው መስኮቱ ፊት ቆማችሁ አንብቡት። ያልገባችሁ ካለ ሳትወጡ ጠይቁ። ካርዱን እርጥበት በማያገኘው ቦታ፣ ከመሬት ግብር ደረሰኛችሁ ጋር አስቀምጡት።